የሸክላዋ ኦራል

ብዙ ነገር ረስቻለሁ። አንድ ድምፅ ግን አልለቀቀኝም። የተደፈነ ሸክላ ሲወዘወዝ በውስጡ የሚንከባለል የአንዲት ትንሽ ነገር ድምፅ ነው። ሻይ ሳማስል ማንኪያው ብርጭቆውን ሲነካ እሰማዋለሁ። በሚኒባስ ስሄድ ከወንበር ሥር የወደቀ ብሎን ወዲያ ወዲህ ሲል እሰማዋለሁ። ባለቤቴ «ጆሮህን ሐኪም ይየው» ብላ ብላ ሰልችቷታል። ጆሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ጥፋቱንም የሠራሁት በዚሁ ጤነኛ ጆሮዬ ነው።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የሥዕልና የእጅ ሥራ አስተማሪ ነበርኩ። ወጣት ነበርኩ፣ ያላገባሁ፣ ስለ ራሴ ከሚገባው በላይ የማስብ። ለትዕቢቴ ምክንያት የሆነችኝ አንዲት የፕላስቲክ ታንክ ነበረች። ደሴ ስማር አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ወደ አገሩ ሲመለስ የሰጠኝ ናት። የሰጠኝ እንኳ ታንክ ሳይሆን ካርቶን ነው። ሲከፈት መቶ ምናምን ቁርጥራጭ ነበረበት። በምላጭ እየቆረጡ፣ በጥፍር ሞረድ እያለሰለሱ፣ በማጣበቂያ መግጠም ነው። ሦስት ወር ፈጀብኝ። አንድ ጎማ ጎድሎ ስለነበር በሸሚዝ ቁልፍ ተካሁት፤ የመድፉ አፈሙዝ ከሁለት ግማሽ የተሠራ ስለሆነ መስመሩ እስኪጠፋ ድረስ ስፍቀው ከረምኩ።

ታንኩ ሲያልቅ እኔም አዋቂ ሆንኩ። ካርቶኑ ጎን ላይ «አንድ ለሠላሳ አምስት» የሚል ቁጥር ነበረ። እውነተኛው ታንክ የዚህኛው ሠላሳ አምስት እጥፍ ነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያየሁትን ሁሉ ለሠላሳ አምስት ሳላካፍል አላልፍም ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት፣ የመስጊዱን በር፣ የዳይሬክተራችንን ቁመት። ዳይሬክተራችን አምስት ሳንቲ ሜትር አይሞላም ነበር፤ ሲቆጣኝ ይህን እያሰብኩ እጽናና ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ለላብ አደሮች በዓል ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ ተባለ። ሰው ለሠራዊቱ ያለውን ፍቅር እንዲገልጽ ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ፣ ከሸክላ የጦር መኪና ሞዴል ሠርቶ ያምጣ የሚል ማስታወቂያ በየቀበሌው ተለጠፈ። አንደኛ የወጣው ሥራውን ይዞ በመንግሥት መኪና ደሴ ይሄዳል። ዛሬ ሳስበው ያመኛል። ከጤና ጣቢያው ጀርባ በየቀኑ መቃብር ይቆፈራል፣ እኛ ደግሞ የታንክ ጎማ ልንቆጥር ነው። ያኔ ግን አላመመኝም። ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዳኞቹ ሦስት ነበርን፦ ካድሬው፣ ዳይሬክተሩና እኔ። ሰብሳቢው እኔ ሆንኩ። ካድሬው «ጓድ መምህር፣ ከእኛ ውስጥ ታንክ ያለህ አንተ ብቻ ነህ» ብሎ ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ቀልዱን እንደ ሹመት ነው የተቀበልኩት። የነጥብ መስጫ ወረቀት አዘጋጀሁ። ለልኬት ይህን ያህል፣ ለጎማ ብዛትና አቀማመጥ ይህን ያህል፣ ለዝርዝሩ፣ ለአጨራረሱ፤ ድምሩ መቶ።

አንድ መስፈርት ደግሞ ከአገሩ ልማድ ጨመርኩበት። በእኛ ገበያ ሸክላ የሚገዛ ሰው በዓይኑ ብቻ አይገዛም። ማሰሮዋን አንጠልጥሎ በጣቱ መገጣጠሚያ ያንኳኳታል፣ ጆሮውን ጣል ያደርጋል። ጥርት ብላ ከጮኸች ደህና ናት። ድምፅዋ ከታፈነ የሆነ ቦታ ተሰንጥቃለች፤ ይመልሳታል። እናቴ አንድ እንስራ ለመግዛት ስድስት ሰባቱን ስታንኳኳ አብሬያት ቆሜ አድጌያለሁ። ስለዚህ ከሸክላ የተሠራ ማንኛውም ሞዴል ይንኳኳል፣ ይወዘወዛል ብዬ ጻፍኩ። በዚህች ሐሳቤ በጣም ኮርቼ ነበር።

ሸክላ ሠሪዎቹ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ተዳፋት ላይ ይኖሩ ነበር። ሰው ማሰሮአቸውን ይገዛል እንጂ ቤታቸው አይገባም፤ ዓይናቸው ይፈራል። እኔ ተምሬያለሁ፣ ይህን አላምንም እል ነበር። ሆኖም ከመካከላቸው አንዲት ሴት ማስታወቂያው በወጣ በሳምንቱ ተማሪዎቹ ሲወጡ ጠብቃ ክፍሌ በር ላይ ስትቆም፣ በዕድሜ እንደምትበልጠኝ እያየሁ «አንቺ» አልኳት። ቀጭን ነበረች። እጆቿ እስከ ክርን ድረስ በጭቃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል።

«መምህር፣ አፊያ ነዎት?»

«ደህና። ምን ፈለግሽ?»

«የመኪናውን ነገር ልጠይቅዎ ብዬ። ሴትም ይሠራል ተብሏል?»

«ማንም ይሠራል።»

«እንግዲያ ምን ምኑን ነው የምታዩት? ይንገሩኝና ያንን አጥብቄ እሠራለሁ።»

እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ታንኬን ከጠረጴዛዬ መሳቢያ አውጥቼ ሁሉንም ነገር አስረዳኋት፦ ልኬቱን፣ ጎማውን፣ ሠላሳ አምስቱን። ታንክ ቅርብ ሆና አይታ ስለማታውቅ የወታደር ጭነት መኪና፣ ኦራል፣ ብትሠራ እንደሚሻል ነገርኳት። ጎማዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠረች አዳመጠችኝ። በመጨረሻ ያልጠየቅኋትን ራሷ ነገረችኝ።

«ባሌንና ሁለት ልጆቼን ወስደውብኛል። እኔ ወረኢሉ ማሰሮ ልሸጥ ሄጄ፣ እህል ይታደላል ሲባሉ ሦስቱም ወጡ። ስመለስ ቤቱ ባዶ። ለሰፈራ ብለው በኦራል ጫኗቸው አሉኝ። ደሴ መጠለያ ናቸው፣ ገና ወደ ምዕራብ አልተላኩም ብሎ የሾፌር ረዳት ነግሮኛል። የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ እምቢ አሉኝ። በእግሬ ብሄድ ኬላው ላይ ሁለቴ መለሱኝ። ይሄ ደሴ ይሄዳል የተባለው መኪና ግን ኬላ አያቆመውም። ወላሂ፣ ሌላ መንገድ አጣሁ።»

ነጥብ ጨምርልኝ አላለችም። አላለቀሰችም። ይህን የምለው ራሴን ለመክሰስ ነው እንጂ እሷን ለማመስገን አይደለም። እኔም «አብሽሪ፣ ጥሩ አድርገሽ ሥሪ» አልኳት። አዝኜላት ነበር፤ ግን ደስም ብሎኝ ነበር፤ መስፈርቴን ከልቡ የሚሰማ ሰው አግኝቻለሁና።

ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች።

«ለካኋት» አለችኝ። «ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሠላሳ አምስት ስንዝር ናት። እርስዎ እንዳሉት ከሆነ የኔዋ አንድ ስንዝር ትሆናለች። ግን ጭቃ ሲደርቅም ሲቃጠልም ስለሚሰበሰብ ሁለት ጣት አስረዝማታለሁ።»

ገረመኝ። ማስመሪያ የላት፣ ማካፈል አልተማረች፤ መሰብሰቡን ደግሞ እኔ ከነጭራሹ አላሰብኩትም ነበር።

«የቷን ነው የለካሽው?»

«ልጆቼን የጫነችዋን። እህል መጋዘኑ በር ላይ ቆማለች። ጎኗ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሶባታል አሉኝ፤ አይቼ ለየኋት። ዘበኛው ዛሬ ደግሞ መኪና ልትገዢ ነው ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።»

ሥራዎቹን የዳኘነው በትምህርት ቤቱ ትልቅ ክፍል ውስጥ ነው። ጠረጴዛዎቹን ገጥመን አንሶላ አልብሰናቸዋል። አብዛኛው ነገር እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ አራት ጎማ ያለው ታንክ፣ ከሾፌሩ ያነሰ መኪና። ሁለት ሥራዎች ብቻ ነበሩ ሥራ የሚባሉት። አንዱ የከተማው ቆርቆሮ ሠሪ ከእርዳታ ዘይት ጣሳ የቀጠቀጠው ታንክ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሆዱን ላየ የጣሳው ጽሑፍ እንዳለ ይነበባል። ሁለተኛው የሴትዮዋ ኦራል ነው።

ስለዚያች ኦራል ለመናገር ዛሬም ይከብደኛል። አንድ ስንዝር። ስድስቱ ጎማዎች ጥርሳቸው ሳይቀር ተፈልፍሏል። ትርፍ ጎማው በቦታው፣ ከጋቢናው ጀርባ። የኋላው ከዚያው ጭቃ በተሠራ ሸራ የተሸፈነ ሲሆን ሸራው በብረቶቹ መካከል ረገብ ያለበት እንኳ አልቀረም። በቅጠል ጭስ አጥቁራታለች። ስገለብጣት ከሆዷ ሥር መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ አየሁ፤ ውስጡ ክፍት የሆነ ሸክላ መተንፈሻ ከሌለው እሳት ውስጥ ይፈነዳል። በማስመሪያ ለካኋት። በልኬቷ የሚነቀስ አጣሁ።

ካድሬው «ይቺ ናት! ይቺን ነው ደሴ የምንወስዳት!» አለ። ዳይሬክተሩም ተስማማ። ሴትዮዋ ከሌሎቹ ጋር ግድግዳው ሥር ቆማ ነጠላዋን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች። ነገሩ ያለቀ ነበር። እኔ ብቻ ዝም ብል ያለቀ ነበር።

አንኳኳኋት። ጥርት ብላ ጮኸች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ወዘወዝኳት።

በሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ተንከባለለ።

እንደገና ወዘወዝኳት። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ።

«ውስጡ ያለው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ትንሽ ጭቃ ናት፣ መምህር። እሳቱ አላቀቃት።»

«የተጣበቀ ነገር ለቋል ማለት ነው?»

«አዎ፣ ለቃለች።» ቀጥላ ቀስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚነገር አድርጋ፣ «ድምፅ ብቻ ናት፣ መምህር» አለችኝ።

ካድሬው «ምን አለበት ጓድ መምህር፣ እውነተኛውም ኦራል እኮ ይንገጫገጫል!» ሲል ሰዉ ሳቀ። አብሬ መሳቅ እችል ነበር። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም። በዚያ ዘመን ስለተሠራ ነገር ሁሉ «ታዝዤ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ይህን እንኳ ማለት አልችልም። ካድሬው ሊያሳልፋት ፈልጎ እኔ ነኝ የከለከልኩት። «መስፈርት መስፈርት ነው» ብዬ ከአጨራረስ ላይ አምስት ቀነስኩ። ለምን ሁለት ወይም ሦስት እንዳልሆነ አላውቅም። አምስት ለድምር ይመቻል።

ድምሩ ሲወጣ ቆርቆሮ ሠሪው ዘጠና፣ እሷ ሰማንያ ዘጠኝ ሆኑ። ካድሬው ትከሻውን ሰበቀና ፈረመ። ከሰው ፊት ላይ ተስፋ ሲጠፋ ያየሁት ያን ቀን ነው። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መምህር» ብላኝ ወጣች። ኦራሏን አልወሰደችም።

ቆርቆሮ ሠሪው ሱቄን ለማን ትቼ እያለ እያጉረመረመ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ሲመለስ መንገድ ላይ አግኝቼው ስለ መጠለያው ጠየቅሁት።

«መጠለያው? የደረስን ዕለት ሰዉን ወደ ምዕራብ እየጫኑ ነበር» አለኝ። «መንገዱን ዘግተውት ግማሽ ቀን አጠገባቸው ቆምን። ሙቀት፣ አቧራ፣ የሰው ጩኸት። ምን ያለ ጉዞ ነው ያስያዛችሁኝ!»

ግማሽ ቀን። እሷ ሄዳ ቢሆን ልጆቿን የምትፈልግበት ግማሽ ቀን ነበራት። ከዚያው ወደ ተዳፋቱ ወጣሁ። ሸክላ የምታቃጥልበት ጉድጓድ አመዱ ቀዝቅዟል። በሯ በገመድ ታስሯል። ጎረቤቶቿ ኬላውን ለመሸሽ በአጅባር በኩል በእግሯ ሄደች አሉ፤ አንዱ ወረኢሉ አየኋት አለ፤ ሌላዋ ሴት ቀና ብላም ሳታየኝ «ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያያት ሰው አልተገኘም። ገበያው ውስጥ የምትቀመጥበት ቦታ ለብዙ ጊዜ ክፍት ቀረ፤ በኋላ ሽንኩርት ሻጭ ያዘው።

ኦራሏን ቤቴ ወሰድኩ። መጣል አልቻልኩም፣ ማየትም አልቻልኩም፤ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ አስቀመጥኳት። ቤቴ መንገድ ዳር ስለሆነ ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ይነቃነቅ ነበር፤ እሷም ከውስጧ ትመልስ ነበር። ካገባሁ በኋላ ባለቤቴ «ወይ ስበራት ወይ አውጣልኝ፣ ቤት ውስጥ ሰው ያለ ይመስለኛል» አለችኝ። አልሰበርኳትም። አንዳንዴ በሆዷ ቀዳዳ አጮልቄ አይ ነበር። ጨለማ ነበር። ትንሽ ጭቃ ናት ብላኛለች፤ እኔም እንደዚያ ማመኑ ቀለለኝ። የፕላስቲክ ታንኬን ግን ከዚያ ወዲህ ከመሳቢያ አላወጣኋትም።

መንግሥት ተለወጠ። ከሰፈራ የተረፉት አንድ ሁለት እያሉ መመለስ ጀመሩ። ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳዬ ላይ የተማሪ ፈተና ሳርም አንዲት ወጣት ሴት ደጄ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ነኝ። የእናቴ ሥራ እርስዎ ዘንድ አለ አሉኝ።»

አስቀመጥኳት። ውኃ ሰጠኋት። አባቷና ታናሽ ወንድሟ ሰፈራው በደረሱበት ዓመት ክረምት በወባ እንደሞቱ፣ እሷን ሌሎች ሰፋሪዎች እንዳሳደጓት ነገረችኝ። «እናታችን እዚህ ናት፣ በሕይወት አለች እያልኩ ነበር የምጽናናው» አለች። «እዚህ ያሉት ደግሞ ‹እናንተን ተከትላ ሄዳ አግኝታችኋለች ብለን ነበር› አሉኝ።»

ኦራሏን አምጥቼ እጇ ላይ አኖርኩላት። አገላብጣ አየቻት። ጎማዎቹን በጣቷ ዳሰሰች። ቀጥላ ልክ እንደ እኔ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ወዘወዘቻት፤ ፈገግ አለች።

«ሰው አለበት» አለችኝ።

«ምን?»

«ውስጡ ሰው አለበት። ልጆች ሆነን የጭቃ ቤት ስትሠራልን ትንንሽ ሰው ታስቀምጥና ነው የምትደፍነው። አይታይም እኮ፣ ለምንድን ነው ስንላት ‹ባዶውን አይሆንልኝም፣ እጄ እምቢ ይለኛል› ትለን ነበር።»

እሷ የእኔን ፈቃድ አልጠበቀችም፤ የእሷ ናትና። በረንዳው ጠርዝ ላይ በጎን አስተኛቻት፣ ሸራው ከመኪናው ጎን ጋር የተጋጠመበትን መስመር በጥፍሯ ፈለገች፣ ከዚያ በጠጠር ዙሪያዋን ቀስ ቀስ እያደረገች መታችው። ሸራው እንደ ክዳን ተነሣ።

የኦራሏ ወለል ላይ ሦስት የጭቃ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጉልበቱን ያቀፈ ወንድ። ሹሩባ የተሠራች ልጅ። ወጣቷ ያንን ሹሩባ ባየች ጊዜ እጇን ወደ ራሷ ጠጉር ሰደደች። ከልጅቱ ቀጥሎ አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ። ሦስቱም ከወለሉ ጋር አንድ ሆነዋል፣ አይነቃነቁም። ከትንሹ ልጅ አጠገብ ግን ክፍት ቦታ አለ። ጭቃ ከጭቃ እንዲይዝ በጥፍር ተጭሯል፤ አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ነው።

አራተኛዋ ጥግ ላይ ወድቃለች። ነጠላ የተከናነበች ሴት፣ ከአውራ ጣቴ ያጠረች። የተረገመ ልማዴ አልተወኝምና፣ ሳልፈልግ በሠላሳ አምስት አባዛኋት። ልኳ ልክ ነበር።

ወጣቷ አንስታ የተጫረው ቦታ ላይ አስቀመጠቻት። ልክክ አለች። እጇን ስታነሣ ግን ተንጋለለች። እንደገና አስቀመጠቻት፣ እንደገና ተንጋለለች። በመጨረሻ መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት።

«ጎረቤቶቹ በአንድ ነጥብ ነው የቀረችው አሉኝ» አለች ቀና ሳትል። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው። እኔ ነኝ የቀነስኩባት። አምስት ነጥብ።»

«በምን ምክንያት፣ ጋሼ?»

መዳፏ ላይ ያለችውን በጣቴ አሳየኋት።